የጓንጉል ዘዴ

(ኮምቦልቻ፣ የጓንጉል ፀጉር ማስተካከያ ቤት፣ ረፋድ ላይ። ደንበኛ የለም፤ ሚስቱ ትርንጎ ድንገት ገብታ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች።)

ትርንጎ፦ አልነሣም አልኩህ። መጀመሪያ ለሙህዬ ምን ብለህ እንደመከርከው ንገረኝ።

ጓንጉል፦ አንቺ ሴት፣ የደንበኛ ወንበር እኮ ነው! አሁን ሰው ቢመጣ ምን እላለሁ?

ትርንጎ፦ «ሚስቴን ልላጫት ነው» በል። ለጎረቤታችን፣ ለጎሚስታው ለሙህዬ፣ ምን አልከው?

ጓንጉል፦ እኔ ለስንቱ ምን እንዳልኩ በምን አስታውሳለሁ? ሰው እዚህ ቁጭ ሲል ያወራል፣ እኔም አወራለሁ። ፀጉር በዝምታ አይቆረጥም።

ትርንጎ፦ እኔ ላስታውስህ። «ሙህዬ፣ የጤና ጣቢያውን ነገር እርሳው። ወንድ ልጅ ራሱን ካወቀ መከላከያው እሱ ራሱ ነው። ሊመጣብህ ሲል ቀድመህ ውጣ፣ በቃ!» ብለኸዋል ወይስ አላልከውም?

ጓንጉል፦ ቃል በቃል ነው ያመጣሽው። ማን ነገረሽ?

ትርንጎ፦ ሚስቱ ናታ፣ ዘይነባ። ዛሬ ጠዋት ቤት መጥታ ስታለቅስ ቆይታ ነው የሄደችው። አርግዛለች።

ጓንጉል፦ ዘይነባ? ልጇ ገና መዳህ እንኳ አልጀመረ!

ትርንጎ፦ ሰባት ወሩ ነው። አንዱ ጡቷ ላይ፣ አንዱ ሆዷ ውስጥ።

ጓንጉል፦ ቆይ፣ እያጠባች እንዴት ታረግዛለች? የምታጠባ ሴት አታረግዝም ይባል የለ?

ትርንጎ፦ ይባላል፣ እስከ ስድስት ወር። እሱም ልጁ ከጡት ሌላ ምንም ሳይቀምስ፣ እሷም ደሟ ሳይመለስ ከሆነ ነው። የዘይነባ ልጅ አጥሚት መጠጣት ከጀመረ ከረመ። ይህንንም ያወራኸው አንተ ነህ እንዴ?

ጓንጉል፦ ይሄን ሌላ ሰው ነው ያወራው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

ትርንጎ፦ ቶንዶሱን ይዘህ ራስህን ስትነቀንቅ ታየኝ።

ጓንጉል፦ እሺ፣ አንድ ነገር ልበልሽ። ዘዴው ምንም አላጠፋም። ሙህዬ ነው ያበላሸው። ዘግይቷል። ጎረምሳ ነው፣ ሰዓቱን አያውቅም።

ትርንጎ፦ አንድም ቀን አልዘገየም። ዘይነባ ራሷ ናት የመሰከረችለት። «እትዬ ትርንጎ፣ ውሻ እንዳባረረው ሰው ነው ዘሎ የሚወርደው» አለችኝ።

ጓንጉል፦ ታዲያ ከየት መጣ?

ትርንጎ፦ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር መዲና እንደነገረችኝ፣ ዋናው ሳይመጣ ቀድሞ ጠብ የሚል እርጥበት አለ። ወንዱ አይሰማውም፣ ሊይዘውም አይችልም። በእሱ ውስጥም ዘር ሊኖር ይችላል።

ጓንጉል፦ ሙሽራው ሳይደርስ ሚዜው ቀድሞ ይገባል በይኛ!

ትርንጎ፦ ሚዜው ነው ያስረገዛት።

ጓንጉል፦ ሂጂ ወዲያ! ይሄ ጤና ጣቢያዎቹ ሰው እንዲሄድላቸው የሚያወሩት ወሬ ነው።

ትርንጎ፦ አንተ ወሬ ተው ልትል? በዚህ ነገር ብቻ ከሚተማመኑ መቶ ሴቶች ውስጥ በዓመቱ ሃያ ያህሉ ያረግዛሉ። ባሎቻቸው ሁሉ እንደ አንተ «እኔ አውቃለሁ» የሚሉ ናቸው።

ጓንጉል፦ ሰማንያዎቹስ? ስለ ሰማንያዎቹ ለምን አይነገርም?

ትርንጎ፦ ሰማንያዎቹ ቤቴ መጥተው አያለቅሱማ።

ጓንጉል፦ እኔ ከሰማንያዎቹ ነኝ። ያለ ምክንያት አልመክርም።

ትርንጎ፦ ጥሩ። እስቲ ልጆችህን ቁጠርልኝ።

ጓንጉል፦ ምን ያስቆጥረኛል?

ትርንጎ፦ ቁጠር አልኩህ።

ጓንጉል፦ ሰናይት።

ትርንጎ፦ ሰናይትን ፈልገን ወለድናት። ከዚያ «የሁለተኛውን ነገር ለእኔ ተይው» አልክ። ማን መጣ?

ጓንጉል፦ ይበቃል።

ትርንጎ፦ ለምን ይበቃል አልነው?

ጓንጉል፦ እንዲበቃ ነዋ።

ትርንጎ፦ በቃ?

ጓንጉል፦ ትርንጎ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፅሽን ቀንሺ።

ትርንጎ፦ ከይበቃል ቀጥሎ ማን መጣ?

ጓንጉል፦ ትርፌ።

ትርንጎ፦ ስሟን ማን አወጣላት?

ጓንጉል፦ እኔ። ግን ስሚኝ፣ እነዚያ የልምምድ ጊዜ ነበሩ። ማንም ሰው ሙያ ሲጀምር ያጠፋል። እኔ ፀጉር መቁረጥ ስጀምር የስንቱን ጆሮ ነክቻለሁ! አሁን ማንን አደማለሁ?

ትርንጎ፦ ይበቃልና ትርፌ የተነካ ጆሮ ናቸው?

ጓንጉል፦ አላልኩም! እኔ የምልሽ ከትርፌ በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ሞልቷት የለ? በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ተፈጠረ? አንድ ቀን «ቀረብኝ» ብለሽ ደንግጠሽ ታውቂያለሽ? በዚህ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሁሉ በኩራት የምናገረው ይሄንን ነው። ሦስት ዓመት ያልሳተ ነገር ሙያ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ትርንጎ፦ እጅህን አምጣ።

ጓንጉል፦ ለምን?

ትርንጎ፦ አምጣ ብያለሁ። ግራ ክንዴን ዳብስ። ወደ ውስጥ፣ እዚህ ጋ።

ጓንጉል፦ ጅማትሽን? አውቀዋለሁ እኮ። ጀሪካን ስታነሺ የተወጠረ ጅማት ነው ብለሽኛል።

ትርንጎ፦ እስቲ ደግመህ ዳብሰው። ጅማት እንዲህ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥ ይላል?

ጓንጉል፦ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ አቤት።

ጓንጉል፦ ይሄ ምንድን ነው?

ትርንጎ፦ ሦስት ዓመት ያልሳተው ነገር ነው። ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ። የሠራው እሱ ነው፣ አንተ አይደለህም።

ጓንጉል፦ ቀልድ ነው።

ትርንጎ፦ ካርዱ ቤት አለ። ከሰናይት የደንብ ልብስ ሥር።

ጓንጉል፦ ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ነገር ክንድሽ ውስጥ እያለ ነው እኔ ያን ሁሉ ጊዜ...

ትርንጎ፦ አዎ።

ጓንጉል፦ ዘልዬ ስወርድ?

ትርንጎ፦ አዎ።

ጓንጉል፦ ልክ መልካሙ ነገር ሲጀመር፣ እኔ እንደ ሌባ ዘልዬ...

ትርንጎ፦ ጓንጉል፣ አዎ!

ጓንጉል፦ ሦስት ዓመት! ዝም ብዬ መተኛት ስችል! አንቺ ደግሞ አይተሽ ዝም! ወገቤን የቀጨኝስ? ወጌሻ ዘንድ አብረሽኝ ሄደሽ የለም?

ትርንጎ፦ ሄጃለሁ። «ምን ሆነህ ነው?» ሲልህ «ቆሜ ስለምውል ነው» ስትለው ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ጓንጉል፦ ሰውዬው በቅቤ ሲያሸኝ፣ እኔ ስጮህ፣ አንቺ ውጪ ትስቂያለሽ!

ትርንጎ፦ ውጪ አይደለም። እዚያው፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ።

ጓንጉል፦ ደም አነሰኝ እያልሽ ጎመን ስታስገዢኝ የነበረውስ?

ትርንጎ፦ እሱ እውነት ነው። የተቀበረው ነገር የወር አበባዬን ቅጥ አሳጥቶታል። አንዳንድ ወር ይቀራል፣ አንዳንድ ወር ይንጠባጠባል። ሲያስገቡልኝ ነግረውኛል፣ እንደየሰው ነው አሉ። ጎመኑን ግን ወድጄው ነው።

ጓንጉል፦ ሁሉንም ተይው። ለምን ደበቅሽኝ? የማላውቀው ሰው ነኝ? ባልሽ አይደለሁ?

ትርንጎ፦ ትርፌ የተወለደች ቀን ታስታውሳለህ?

ጓንጉል፦ እሱን አታንሺብኝ።

ትርንጎ፦ ላንሣው እንጂ። ደሙ አልቆም ብሎ ደሴ ድረስ በአምቡላንስ ሄድን። አንተ ደም ሰጥተህ ከአልጋው ሳትወርድ «ሌላም ውሰዱ» ስትላቸው ሰምቼሃለሁ። ሞቼ የነበርኩ ይመስለኛል፤ ድምፅህ ግን ይሰማኝ ነበር።

ጓንጉል፦ ያን ቀን ለሁሉም ታቦት ተስያለሁ።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ። ከአርባ አምስት ቀን በኋላ ትርፌን ላስከትብ ስነሣ «አሁን እንኳ መከላከያ ልውሰድ» አልኩህ። ምን አልከኝ?

ጓንጉል፦ ረስቼዋለሁ።

ትርንጎ፦ እኔ አልረሳሁም። «መርፌው ያመክናል፣ እንክብሉ ያሳብዳል፣ ሉፑ ደግሞ ከማህፀን ተነሥቶ ልብ ውስጥ ይገባል። ደንበኛዬ የአጎቱን ልጅ ሚስት ገድሏታል ብሎኛል። ለእኔ ተይው» አልከኝ። ሲስተር መዲናን ሉፑ ልብ ውስጥ ይገባል ወይ ብዬ ብጠይቃት ከሳቋ የተነሣ ከወንበሯ ልትወድቅ ነበር።

ጓንጉል፦ ሰውየው ምሎ ነው የነገረኝ።

ትርንጎ፦ «ለእኔ ተይው» ስትለኝ ይበቃልና ትርፌ ዓይኔ ላይ ድቅን አሉ። ሌላ ብወልድ ደግሞ ደሴም የምደርስ አልመሰለኝም። ስለዚህ ትርፌ ጭኗ ላይ ስትወጋ እኔ ክንዴ ላይ ተወጋሁ። እሷ አለቀሰች፣ እኔ ዝም አልኩ። ልዩነቱ ያ ብቻ ነው።

ጓንጉል፦ ብትነግሪኝ እኮ አውጪው አልልሽም ነበር።

ትርንጎ፦ ትለኝ ነበር።

ጓንጉል፦ አልልሽም ነበር።

ትርንጎ፦ ጓንጉል።

ጓንጉል፦ እሺ፣ ያን ጊዜ እልሽ ነበር። ያን ጊዜ ሞኝ ነበርኩ።

ትርንጎ፦ እስከ ስንት ሰዓት?

ጓንጉል፦ እስከ ዛሬ ረፋድ በይው። ግን እንዴት ነው ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላውቅ? እኔ በጣቴ ዳብሼ የሰው ራስ ላይ ያለ ጠባሳ ከነዕድሜው የምናገር ሰው ነኝ!

ትርንጎ፦ ራሴ ላይ ቢያስገቡት ታውቅ ነበራ።

ጓንጉል፦ ሳቂብኝ፣ ሳቂብኝ። ተሰርቄያለሁ፣ ሳቂብኝ።

ትርንጎ፦ እየሳቅሁ አይደለም። ጥፋቱ የእኔም ነው። ዛሬ ዘይነባ እንባዋን እያፈሰሰች «እትዬ ትርንጎ፣ ለእርስዎ ሦስት ዓመት እንዴት ሠራልዎት?» አለችኝ። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። አንተ አፍህን ከፈትክ፣ እኔ አፌን ዘጋሁ፣ በሁለታችን መሀል እሷ አረገዘች።

ጓንጉል፦ ታዲያ ነገርሻት?

ትርንጎ፦ አልነገርኳትም። ቀድመህ አንተ ማወቅ አለብህ ብዬ በሩጫ መጣሁ። ሌላም ጉዳይ አለኝ። ይሄ ነገር ሦስት ዓመቱ በዚህ ወር ያልቃል። ሐሙስ ላስወጣው ነው።

ጓንጉል፦ እና ሌላ ታስገቢያለሻ?

ትርንጎ፦ ላስገባ እችላለሁ። በየሦስት ወሩ መርፌም አለ። በየቀኑ የሚዋጥ እንክብልም አለ፤ ግን እኔ እንኳን እንክብል የወጤን ጨው እረሳለሁ። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፑም አለ፣ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ በፈለግሁ ቀን ይወጣል።

ጓንጉል፦ በቃ ሉፑን...

ትርንጎ፦ ሁሉም ግን እኔ ላይ ናቸው፣ ጓንጉል። ልጅ የወለድኩት እኔ፣ ደም የፈሰሰኝ እኔ፣ የተወጋሁት እኔ። አንተ ደግሞ በወሬ ብቻ የከተማው ሐኪም ሆነሃል። እስቲ አንዴ ተራውን አንተ ውሰድ።

ጓንጉል፦ ኮንዶም ልትይኝ ነው? ከረሜላ ከነወረቀቱ መላስ!

ትርንጎ፦ ትርፌ እኮ ወረቀቱ የተላጠ ከረሜላ ናት። ኮንዶም በደንብ ከተያዘ ይሠራል፣ በሽታም ይከለክላል። ሁልጊዜ ልታደርገው ግን ትችላለህ? አንተ በዓመት አንዴ ካልሲ ስታደርግ የሠርግ ያህል ነው።

ጓንጉል፦ እውነትሽን ነው። ታዲያ ሌላ ለወንድ ምን አለ?

ትርንጎ፦ ሦስት ልጅ በቃን ካልን፣ አንዴ የሚሠራ አለ። ዘሩ የሚወጣበትን ቀጭን ቧንቧ ቆርጠው ይቋጥሩታል። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ በዚያው ቀን ቤትህ ትገባለህ።

ጓንጉል፦ ሙክት ልታደርጊኝ ነው!

ትርንጎ፦ ሙክት የሚቀጠቀጠው ፍሬው ነው። ያንተን ማንም አይነካውም።

ጓንጉል፦ ድምፄ ይቀጥናላ።

ትርንጎ፦ አይቀጥንም። ቢቀጥን እንኳ ደንበኞችህ ያርፉ ነበር።

ጓንጉል፦ ጢሜስ?

ትርንጎ፦ ጢምህ እንዳለ።

ጓንጉል፦ እና... ያኛውስ?

ትርንጎ፦ ያኛውም እንዳለ። ፍላጎቱም፣ ጉልበቱም፣ ሁሉም። ዘሩ ብቻ ነው የማይኖረው። መጀመሪያ ሦስት ወር ያህል ሌላ መከላከያ እንጠቀማለን፣ ከዚያ ይመረመራል፣ ንጹሕ ነው ሲሉህ አለቀ። ዘልሎ መውረድ ይቀራል።

ጓንጉል፦ ይቀራል?

ትርንጎ፦ ይቀራል። እዚያው ትቆያለህ።

ጓንጉል፦ እስከ መጨረሻው?

ትርንጎ፦ እስከ መጨረሻው።

ጓንጉል፦ ጤና ጣቢያው ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?

ትርንጎ፦ አትቸኩል! ጠጅ ያሳዩት ሱሰኛ መሰልክ። አንዴ ከተሠራ መመለሱ ከባድ ነው፣ ሌላ ልጅ አያምረኝም ብለህ ከልብህ ማሰብ አለብህ። መጀመሪያ ሄደን እንጠይቅ። እዚህ ባይሠሩት ወደ ሆስፒታል ይጽፉልናል። ደስ ካላለህም ማንም አያስገድድህም፣ እኔ ሉፑን አስገባለሁ። ብቻ አብረኸኝ ሂድና በጆሮህ ስማ።

ጓንጉል፦ እሄዳለሁ። ደስ እያለኝ እሄዳለሁ። ግን አንድ ነገር ማይልኝ።

ትርንጎ፦ ምን?

ጓንጉል፦ የክንድሽን ነገር ለሙህዬ እንዳትነግሪ። ለዘይነባም። በሦስት ዓመቱ ነው ስሜ የተነሣው። ከመናኸሪያ ድረስ እየመጡ የሚያማክሩኝ ሰዎች አሉ። ሰው ምን ይለኛል? «የሚስቱ ክንድ እየሠራ እሱ ፎከረ» ነው የሚሉኝ! ለሙህዬ በዘዴ እመክረዋለሁ። ነገሩን ሳልነካ «ጤና ጣቢያም መጥፎ አይደለም» እለዋለሁ።

ትርንጎ፦ በዘዴ የሚመከርበት ጊዜ አልፏል።

ጓንጉል፦ ለምን? ያረገዘች ሴት ትወልዳለች። አብሽሪ በያት። ክትትል ትጀምር፣ ሁለቱንም እናግዛቸዋለን። ትርፌ የጠበባት ልብስ ሞልቷል።

ትርንጎ፦ ዘይነባን ያስለቀሳት እርግዝናው አይደለም፣ ጓንጉል። ይሄንን ለመጨረሻ ያስቀረሁት ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው።

ጓንጉል፦ ምን ሆነች?

ትርንጎ፦ ትላንት ስትነግረው ሙህዬ ፊቱ ጠቆረ አለች። «እኔ አንድም ቀን አልሳትኩም። ጋሽ ጓንጉል በዚሁ ዘዴ ሦስት ዓመት ምንም አልሆነም። ይሄ ልጅ የማን ነው?» አላት።

ጓንጉል፦ የማን ነው አላት?

ትርንጎ፦ አዎ። ያንን ትንሽ ልጅ እንደታቀፈች። ከዚያ ወዲህ አላናገራትም፣ የሠራችውንም አልበላም። ዛሬ ከሰዓት ባቲ፣ እናቷ ዘንድ ልትሄድ ልብሷን ሸክፋለች። እኔ ጋ የመጣችው ልትሰናበተኝ ነው።

ጓንጉል፦ እኔን ምስክር አድርጎ?

ትርንጎ፦ አንተን ምስክር አድርጎ።

ጓንጉል፦ የጌታ ያለህ! ያቺ አንገቷን ቀና አድርጋ የማትሄድ ልጅ!

ትርንጎ፦ እኔ ብነግረው ሴት ለሴት ተደጋገፉ ይላል። ሐኪም ቢነግረው አንተ የሐኪም ወሬ አትስማ ብለህ መክረኸዋል። የሚያምነው አንተን ብቻ ነው። እኔ አላስገድድህም። ስምህም ያንተ ነው፣ አፍህም ያንተ ነው።

ጓንጉል፦ አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?

ትርንጎ፦ በስምንት ሰዓት። ጓንጉል፣ በመስታወቱ እየው፤ ሙህዬ መንገዱን ተሻግሮ ወደዚህ እየመጣ ነው።

ጓንጉል፦ አይቼዋለሁ። ፊቱን አየሽው? ሳይተኛ ያደረ ነው የሚመስለው።

ትርንጎ፦ ልውጣላችሁ?

ጓንጉል፦ የትም አትሄጂም። ክንድሽ ያስፈልገኛል። ከወንበሩ ብቻ ተነሺለት። ሙህዬ፣ ግባ ወንድሜ፣ ግባ! ተቀመጥ። አይ፣ ጢምህ ይቆይ። መጀመሪያ አንድ ጉድ እነግርሃለሁ፣ የራሴን ጉድ፤ እስክጨርስ ድረስ ግን ምላጩን ትርንጎ ትያዝልን።